ስሙን ሳታዛውሩ አትሂዱ

ለ፦ ከሰሜን ሸዋ ወጥታችሁ በውጭ አገር ለምትኖሩ፣ እንዲሁም ቪዛ መትቶላችሁ ሻንጣ ለምታዘጋጁ ባለመኪኖች በሙሉ

ግልባጭ፦ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የትራንስፖርት፣ የሰነድ ማረጋገጫና የመድን መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ጥላችኋቸው ስለምትሄዱት መኪኖች ሊብሬ፣ ውክልናና ኢንሹራንስ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ውል፣ ውክልናና ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ፊቴ ካለው ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው አይመጡም። የወንድማቸውን፣ የልጃቸውን፣ የአክስታቸውን ልጅ ጉዳይ ነው የሚያስፈጽሙት። ባለጉዳዩ ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ፣ ሙኒክ ወይም ዱባይ ነው ያለው። ከቤትና ከቦታ ቀጥሎ ደግሞ አብዛኛው ጭቅጭቅ የመኪና ነው።

የምላችሁን አስቀድሜ ልበላችሁ። መኪናውን ከሸጣችሁት ስሙን አዛውራችሁ ሂዱ። ካልሸጣችሁት የሚሠራ ውክልናና የሚሠራ ኢንሹራንስ ትታችሁለት ሂዱ። «ብሩን ተቀብያለሁ፣ ውክልና ሰጥቻለሁ፣ ከእጄ ወጥቷል» ብሎ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው መኪናው ከእጁ አልወጣም።

ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝና። ቪዛው ድንገት ይመጣል። ቲኬት ይቆረጣል፣ ዘመድ ይሰናበታል፣ ዕቃ ይሸጣል። መኪናው መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ገዢው ከደላላው ጋር ይመጣና «ስም ማዛወሩ ጊዜ ይፈጃል፣ አንተ ደግሞ ልትሄድ ነው፤ ለመሸጥ ለመለወጥ የሚል ውክልና ስጠኝና የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። የሚጨርሰው ነገር የለም። ገዢው የስም ማዛወሪያውንና የቴምብር ቀረጡን አይከፍልም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አትርፎ ለሌላ ይሸጠዋል። ሦስተኛውም ለአራተኛው በዚያው በውክልና ያሻግረዋል። መኪናው ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ መሐል ሜዳ ወጥቶ፣ ባለቤቱ ስንት ጊዜ ተቀያይሮ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም አሁንም የእናንተ ነው።

የሚገርመኝ ወረቀቱ ራሱ የሚመሰክረው ነው። የሽያጭ ውል ቢኖራችሁ «ሸጫለሁ» የሚል ማስረጃ ይሆናችኋል። ውክልና ግን «ንብረትነቱ የእኔ የሆነውን መኪና እንዲሸጥልኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያንን ወረቀት ፍርድ ቤት ብታቀርቡት መኪናው የእናንተ መሆኑን በራሳችሁ ፊርማ ያረጋግጥባችኋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን ሲነዳ የነበረው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ባለቤቱ የሚያመልጠው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። «በውክልና ሰጥቼው» ስርቆት አይደለም። እርግጥ ሕጉ መኪናውን ለራሱ ጥቅም በእጁ ያደረገውንም ሰው ይጠይቃል። ነገር ግን የተጎዳ ሰው ጠበቃ ቀድሞ የሚያየው ሊብሬ ነው፤ ሊብሬው የሚለው ደግሞ የእናንተን ስም ነው። አራተኛው ገዢ ማን እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት የእናንተ ሥራ ይሆናል፤ ያውም ባሕር ማዶ ሆናችሁ።

አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ፣ ፖሊስ ነው ወይስ ፍርድ ቤት?» አሉኝ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር፤ የተጻፈው ጀርመን ባለው ልጃቸው ስም ነው። ልጁ ሲሄድ አንዲት ቪትዝ «ሸጦ» ነበር፤ እንዲሁ በውክልና። መኪናዋ ጫጫ አጠገብ አንድ ጋሪ ነጂ ገጭታ ሰውየው እግሩ ተሰብሯል፣ ፈረሱ ሞቷል። ሲነዳ የነበረው ልጅ ጠፍቷል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ አልታደሰም። «ሸጦታል እኮ! እኔ ነኝ ብሩን የቆጠርኩት» ይሉኛል። «እማማ፣ የሽያጭ ውሉስ?» አልኳቸው። ከውክልናው በቀር ምንም የለም። የሚያሳዝነው የገዢው ስልክ እንኳ ከልጁ የድሮ ሲም ጋር አብሮ ጠፍቷል። ያን ቀን የጻፍነው የመልስ ማቅረቢያ ጊዜ እንዲሰጥ የሚለምን ማመልከቻ ነው። ልጁ ከቆንስላ ለጠበቃ ውክልና እስኪልክ ድረስ ደግሞ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ቀጠሮ።

ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ያለሱ ዓመታዊ ምርመራው አልቆ ቦሎ አይለጠፍም። ይህ መድን የእናንተን መኪና አያስጠግንም፤ መኪናችሁ ለሚጎዳው ለሌላው ሰው ነው። መኪናው መድን ሳይኖረው ሰው ቢጎዳ ወይም ገጭቶ ቢያመልጥ ለተጎጂው የሚደርስለት የመድን ፈንድ አለ። ፈንዱ ግን ከፍሎ ዝም አይልም፤ የከፈለውን ከባለንብረቱ ይጠይቃል። ባለንብረቱ ማነው? አሁንም ሊብሬው ላይ ያለው ስም። በእናንተ ስም የተመዘገበ፣ በማታውቁት ሰው እጅ ያለ፣ መድኑ የተቃጠለ መኪና ጣርማ በር ላይ በጉም ሲወርድ አስቡት። ያንን ቁልቁለት በደህና ቀን በደህና ፍሬን የወረደ ሰው የምለው ይገባዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው አይሸጥም። «እመለሳለሁ፣ ወንድሜ ይንዳው» ብሎ ትቶ ይሄዳል። አልፈርድባችሁም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ከእጅ የወጣ መኪና እንደገና እንደማይገዛ ሁሉም ያውቃል፤ አሮጌ ቪትዝ እንደ መሬት ዋጋው እየወጣ ነው። ለማስቀመጥ ምክንያት አላችሁ፤ ስታስቀምጡት ግን ወረቀቱን አሟሉለት።

ውክልናው ውስጥ መኪናው በሰሌዳ፣ በሻንሲና በሞተር ቁጥር መጠቀስ አለበት። «ያለኝን ንብረት ሁሉ እንዲያስተዳድርልኝ» የሚለው ጠቅላላ ውክልና ቦሎ ለማደስ ይበቃ ይሆናል፤ መሸጥ ሲመጣ ግን ከመስኮቱ ይመለሳል። የምትፈልጉትን በስም በስሙ ጻፉት፦ ማስመርመር፣ ቦሎ ማደስ፣ ኢንሹራንስ መግባትና ማደስ፣ ካሳ መጠየቅና መቀበል፣ የጠፋ ሊብሬና ሰሌዳ ማስተካት፣ ፋይል ማዛወር፣ በፍርድ ቤት መክሰስና መከሰስ፤ ከፈቀዳችሁም መሸጥ፣ ዋጋ መቀበልና ስም ማዛወር። «ካሳ መቀበል» የምትለዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። መኪናው ተገጭቶ ካሳው ከጸደቀ በኋላ ቼኩን የሚቀበል ሰው ጠፍቶ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ተወካዩ በተራው ሌላ ሰው መወከል ይችል እንደሆነ ወይም እንደማይችልም ጻፉ። መኪና ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው በዚያች ቀዳዳ ነው።

የሻንሲ ቁጥር ላይ ብዙ ውክልና ይወድቃል። 17 ሆሄ ባለው የሻንሲ ቁጥር ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ «ኦ» የመሰላችሁ ዜሮ ነው። ከጃፓን ለአገሯ ገበያ ተሠርተው የመጡት እንደ ቪትዝ ያሉት ደግሞ ቁጥራቸው አጭር ሆኖ መሐሉ ላይ ጭረት አለው፤ ስለዚህ 17 አልሞላም ብላችሁ አትደንግጡ። አንድ ፊደል የተሳሳተ ውክልና ከአትላንታ ተልኮ፣ እዚህ ደርሶ፣ ተመልሶ እንደገና ሲጻፍ ያለውን ድካም የሚያውቀው የተመላለሰ ብቻ ነው።

ስምም ሌላ ጣጣ ነው። ሊብሬው ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ። የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው ፓስፖርት ላይ ግን አያት ይቀርና አባት የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። ያገባች ሴት ደግሞ የባሏን ስም ይዛ ብቅ ትላለች። እዚህ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ይወቅ? ዜግነት ከመቀየራችሁ በፊት ጉዳዩን ጨርሱ፤ ካለፋችሁም በሁለቱ ስሞች የምትጠሩት እናንተው መሆናችሁን የሚያስረዳ ማስረጃ ከውክልናው ጋር አያይዙ። ጋብቻውም እንዲሁ ነው። መኪናው የጋራ ከሆነ ያለ ባል ወይም ያለ ሚስት ፈቃድ ሽያጩ አይጸድቅም፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ፈርሙ። ያላገባችሁም ያላገባ ማስረጃ አውጥታችሁ ሂዱ፤ ሌላ አገር ሆኖ ያንን ከቀበሌ ማስወጣት ፈተና ነው።

ከሄዳችሁ በኋላ የምትልኩት ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ይፈረማል፤ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። በዚያው አገር ኖታሪ ፊት ከፈረማችሁት ደግሞ መጀመሪያ የዚያ አገር ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ኤምባሲያችን ማረጋገጥ አለባቸው። ለደብረ ብርሃን ሰው የውጭ ጉዳይ ማኅተም ቅርቡ አዲስ አበባ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ መመለስ። ለሞላሌና ለአታዬ ሰው ከዚያም ይብሳል። እንግዲህ አንድ ወንድም ሥራውን ትቶ ይህን ሲያደርግላችሁ ቢያንስ የትራንስፖርቱን ላኩለት።

አንድ መጥፎ ነገር ልጨምር፤ መናገሩ ግድ ነው። ወካይ ሲሞት፣ ውሉ ውስጥ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ሰው ባሕር ማዶ ሲያርፍ እዚህ ያለው ዘመድ በዚያው ውክልና መኪናውን ሊሸጥ ይሞክራል፤ ቅን ሆኖ ነው፣ ለተዝካር ሊያውለው። አይሆንም። ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው በራሳቸው ስም መጠየቅ አለባቸው።

የራሳችሁን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነውን ሙሉ ኢንሹራንስ የገባችሁ ደግሞ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። መኪናው ከዓመታት በፊት በ400,000 ብር ተገምቶ በየዓመቱ በዚያው ሲታደስ ኖሮ ዛሬ ገበያው 1,600,000 ብር ደርሶ ይሆናል። መድን የገባችሁት ለሩቡ ነው ማለት ነው። ግጭት ደርሶ ጥገናው 100,000 ብር ቢጠይቅ ድርጅቱ ለሙሉው ሳይሆን ለሩቡ ለ25,000 ብር ነው የሚያስበው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚባለው፣ ባለመኪናው ራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ይቀነሳል። ዘመድ ግን ድርጅቱ የሰረቀው ይመስለዋል። እድሳት በመጣ ቁጥር ግምቱ እንዲታይ ለተወካያችሁ ንገሩት፤ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍሉት፣ ይጨምራል፤ ይጨምር።

አጠቃቀሙም አለ። በኮድ 2 ለግል አገልግሎት ብላችሁ ያስመዘገባችሁትን መኪና ወንድማችሁ አንኮበር ድረስ ሰው በኮንትራት እየጫነበት ከሆነ፣ አደጋ ሲደርስ ድርጅቱ «ለዚህ ሥራ አልተዋዋልንም» ብሎ ይከራከራል። ነጂው ለዚያ ዓይነት መኪና የሚሆን የጸና መንጃ ፈቃድ ከሌለውም እንዲሁ። ሁከት፣ ዐመፅና ጦርነት የሚያደርሱት ጉዳት ደግሞ በመደበኛው የሙሉ ኢንሹራንስ ውል ውስጥ አይገባም፤ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ተብሎ ለብቻው ይገዛል። የአካባቢያችንን ሁኔታ እናንተም ከሩቅ ትሰማላችሁ፤ ዋጋውን ጠይቃችሁ ወስኑ። ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ መኪናም ከጣጣ ነጻ አይደለም፤ የኅዳር ውርጭ ባትሪውን ይገድለዋል፣ አይጥ ሽቦውን ይበላዋል። ይህን የሚከፍል ኢንሹራንስ እኔ አላውቅም፤ ቁልፉን የምትሰጡት ሰው በየሳምንቱ እንዲያስነሳው ለምኑት።

መኪናው ሲገዛ አዲስ አበባ ተመዝግቦ ከሆነ ፋይሉም እዚያው ነው። ሰውየው የሚኖረው ደብረ ብርሃን፣ መኪናው የሚሠራው ደብረ ሲና፣ ማኅደሩ አዲስ አበባ። ሽያጭ ሲመጣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ የሚጣራው ፋይሉ ካለበት ነው። በእጃችሁ ሳለ አዛውሩት። ባንክ ያሳገደው ወይም ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ደግሞ ስለ ሽያጭ ከማሰባችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

ለምትሄዱበት አገርም ከዚህ ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር አለ። መንጃ ፈቃዳችሁን ከሰጣችሁ መሥሪያ ቤት መቼ እንደወጣና ምን ደረጃ እንደሆነ የሚገልጽ የማረጋገጫ ደብዳቤ አውጡ። ካናዳ ኦንታሪዮ የሚገባ ነዋሪ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚችለው ለ60 ቀን ነው፤ ከ1 ዓመት በላይ የሆነ የመንዳት ልምድ እንዲቆጠርለት ከፈለገ ያንን ደብዳቤ ይጠየቃል። ጀርመን የሚፈቅደው ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ ለ6 ወር ነው፤ ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ። እንግሊዝ 12 ወር ይሰጣል። ኢንሹራንስ ድርጅታችሁንም አደጋ ሳታደርሱ ስንት ዓመት እንደቆያችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁት። እዚያ ያለው ድርጅት ላይቀበለው ይችላል፤ ከተቀበለው ግን አረቦኑን ያቀልላችኋል። ጀርመን ውስጥ መኪና ገዝታችሁ ለማስመዝገብ ስትሄዱ መጀመሪያ ከኢንሹራንስ ድርጅት የተሰጠ ኢቪቢ የሚባል ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያለሱ ሰሌዳ የለም።

እንግሊዝ ያላችሁት ደግሞ መኪና ስትሸጡ ዲቪኤልኤ ለሚባለው የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ወዲያው ታሳውቃላችሁ፤ ካላሳወቃችሁ የገዢው ቅጣት እናንተ ቤት በፖስታ ይመጣል። ይህን ማንም አስታዋሽ ሳያስፈልገው የሚያደርግ ሰው ነው ደብረ ብርሃን ላይ የሸጠውን መኪና 8 ዓመት ሙሉ በስሙ የሚያስነዳው። ይህ እንኳ ያናድደኛል፤ ይቅርታ።

በውክልና ሸጣችሁ የሄዳችሁት አሁን ምን አድርጉ? መኪናው በማን እጅ እንዳለ አስፈልጉ፤ የትራፊክ ክስ፣ የኢንሹራንስና የምርመራ ሁኔታውን ፋይሉ ካለበት አስጠይቁ። የያዘውን ሰው ካገኛችሁት ለምታምኑት ዘመድ ስም ለማዛወር ብቻ የሚሆን ልዩ ውክልና ልካችሁ ከገዢው ጋር ውሉን አስጨርሱ። ካላገኛችሁት የድሮውን ውክልና ከቆንስላ ሻሩት፤ ሽረቱም ውክልናው በተመዘገበበት ቦታ እንዲመዘገብ አድርጉ። በልባችሁ ብቻ የሻራችሁት ውክልና አልተሻረም። ገንዘቡን ተቀብላችሁ በቅንነት የገዛውን ሰው ለማስጨነቅ ግን ይህን መንገድ አትጠቀሙበት፤ እሱም መክሰስ ያውቃል።

ግልባጭ ለደረሳችሁ መሥሪያ ቤቶች የምለምነው ጥቂት ነው። የመኪና ውክልና ውስጥ መግባት ያለባቸውን ቃላት የያዘ አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጅታችሁ ለኤምባሲዎቹም ለእኛ ለጸሐፊዎቹም ስጡን። ለመሸጥ የሚል የመኪና ውክልና ስትመዘግቡ ወካዩን «ሸጠኸዋል ወይስ አልሸጥከውም?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሸጫለሁ ካለ ወደ ሽያጭ ውሉ ምሩት። የኢንሹራንስ ድርጅቶችም እድሳቱን ሊብሬው ላይ በሌለ ሰው ስትቀበሉ ለባለስሙ አንድ የጽሑፍ መልእክት ወይም ኢሜይል ብትልኩ ብዙ ሰው ንብረቱ የት እንዳለ ያውቃል።

ቆንስላ ቀጠሮ የያዛችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሊብሬውን ሁሉንም ገጽ በቀን ብርሃን፣ ሻንሲውን ደግሞ ራሱ ከመኪናው ላይ ፎቶ አስነሥታችሁ አስልኩ፤ ሁለቱን አመሳክሩ። ረቂቁን ለዘመዳችሁ ላኩለትና ሳትፈርሙ ወደ ትራንስፖርቱ መስኮት ወስዶ ያሳየው። «ይሄ ይጎድላል» የሚባለው ያን ጊዜ ይባል።

ከአክብሮት ጋር፣
በደብረ ብርሃን ከተማ የሚገኝ የውልና ማመልከቻ ጸሐፊ